ሳንፈርድ ቆጣሪውን እናንብብ

ከተማሪ አፍ ከማይጠፉት አቤቱታዎች አንዱ «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው። በወላይታ ሶዶ የምንማረውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ነገር ግን ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ እኛም ምስክሩን መስማት ይገባናል። ምስክሩም ስዊቹ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በሶዶ ከተማ በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ያየሁትን ላውሳ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ሰዓት ሲቃረብ የአንድ ረድፍ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፋይል አንልክም አሉ። ያ ረድፍ ከዋናው ስዊች ጋራ የሚገናኘው በአንድ ኬብል ነበር። አንዱ «መስመሩ ከላይ ተበላሽቷል» አለ፤ ሌላው «ስዊቹ አርጅቷልና አዲስ ይገዛ» አለ። የፖርቱ መብራት ግን እንደ ወትሮው አረንጓዴ ነበር። ታዲያ ይህ እንዴት ይሆናል?

በ1965 ዓ.ም. ሮበርት ሜትካልፍና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በዜሮክስ የምርምር ጣቢያ የጀመሩት ኤተርኔት መረጃን ፍሬም በሚባል ጥቅል እየከፋፈለ ይልካል። ላኪው ከፍሬሙ ይዘት ያሰላውን የ32 ቢት ቁጥር በመጨረሻው ላይ ይጽፋል፤ ተቀባዩም እንደገና ያሰላዋል። ነገሩ ከሶዶ ወደ አዲስ አበባ ዝንጅብል የሚልክ ነጋዴ የጆንያውን ክብደት በወረቀት ጽፎ እንደሚልከው ነው። ሚዛኑ ካልገጠመ ስዊቹ ፍሬሙን ይጥልና ሲአርሲ በሚባለው ቆጣሪ ላይ አንድ ይጨምራል። የጠፋውንም ላኪው ኮምፒዩተር ደግሞ ይልከዋል። ስለዚህ መስመሩ ይንቀራፈፋል እንጂ አይሞትም። መብራቱ መያያዙን ብቻ ይነግረናል፤ ጤንነቱን የሚነግረን ቆጣሪው ነው።

ምርመራው እንግዲህ እንዲህ ነው።

1ኛ፤ ባለሙያው «ሾው ኢንተርፌስ» በሚለው ትእዛዝ ቆጣሪውን ያንብብ። ቁጥሩ ከወራት በፊት የተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ወደ ዜሮ መልሶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይየው። የማይጨምር ቁጥር የቆየ ታሪክ ነው፤ የሚጨምር ግን የዛሬ ሕመም ነው።

2ኛ፤ የስሕተቱ ዐይነት ይለይ። ሲአርሲ ብቻ ከጨመረ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኬብሉ፣ የጫፉ ወይም የካርዱ ነው። በአንዱ ጫፍ ሲአርሲ፣ በሌላው ጫፍ ሌት ኮሊዥን ከታየ ግን አንዱ ወገን ፉል ዱፕሌክስ፣ ሌላው ሃፍ ዱፕሌክስ ሆነው አልተግባቡም ማለት ነው። ይህም የሚመጣው ብዙ ጊዜ አንዱ በእጅ ተወስኖ ሌላው አውቶ ላይ ሲተው ነውና ሁለቱም አውቶ ይሁኑ። በ1000 ሜጋቢት ይሠራ የነበረ ፖርት ወደ 100 ከወረደ ደግሞ ከሽቦዎቹ አንዱ መበጠሱ ይጠርጠር፤ 100ው በ2 ጥንድ ሽቦ ሲሠራ 1000ው 4ቱንም ጥንድ ይፈልጋልና።

3ኛ፤ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ መጀመሪያ ኬብሉ፣ ቀጥሎ ፖርቱ፣ በመጨረሻም ካርዱ። ሁሉን ባንድነት የለወጠ ሰው ቢቀናውም እንኳ በሽታውን ሳያውቀው ይቀራል።

በዚያ ክፍል የሲአርሲው ቁጥር እያየነው ይጨምር ነበር። ትርፍ ኬብል በእጃችን ስላልነበረ ያንኑ ኬብል ወደ ሌላ ፖርት አዛወርነው፤ ስሕተቱም አብሮት ሄደ። ስዊቹ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ኬብሉን ተከትለን ስንፈትሽ በጠረጴዛ እግር ተጨፍልቆ አገኘነው። ሌላ ተፈልጎ ሲተካ ቆጣሪው ባለበት ቆመ፤ ፋይሎቹም ሄዱ።

በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስዊች በጥቂት ሜትር ኬብል ጥፋት ሊጣል ነበር። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደ ባለሙያው ስንሄድ «ኔትወርክ የለም» ብለን ብቻ አንመለስ። የትኛው ክፍል፣ የትኛው ፖርት፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መሆኑን ጽፈን እንያዝ፤ ቆጣሪውም በፊታችን እንዲነበብ በትሕትና እንጠይቅ። አቤቱታን ሁሉም ሰምቶት ያልፋል፤ ማስረጃ ግን መልስ ያስገድዳል።