ነጸብራቁን አጣርቶ የውኃውን ሥር ማየት

ከእንጦጦ ተራራ በስተሰሜን የተንጣለለው የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ወደ ውኃው የሚመለከት ሰው የሚያየው ዓይን የሚወጋ ነጸብራቅ ነው። ከሥሩ ሣር ይሁን ቦይ መለየት ያዳግተዋል፤ ፈረሱን ወይም ከብቱን ለሚያሻግር ሰው ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ተራ ጥቁር መነጽር ቢያደርግም ነጸብራቁና ከሥር የሚመጣው ብርሃን እኩል ስለሚደበዝዙ የተሸፈነው እንደተሸፈነ ይቀራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ብርሃንን መቀነስ ሳይሆን መምረጥ ነው።

እንደሚታወቀው ብርሃን ሞገድ ነው። የኤሌክትሪክ መስኩም ለጉዞው አቅጣጫ ቀጤ ነክ በሆነ መስመር ይርገበገባል። ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን በእነዚህ መስመሮች ሁሉ ያለ አድልዎ ይርገበገባል፤ አንዱ መስመር ብቻ ሲቀር ብርሃኑ ፖላራይዝድ ሆነ እንላለን። ነጸብራቅ ይህን ባሕርይ እንደሚያስገኝ ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ እ.ኤ.አ. በ1808 ተገነዘበ። ምክንያቱ የሚርገበገቡ ኤሌክትሮኖች በሚርገበገቡበት መስመር አቅጣጫ ብርሃን አለመልቀቃቸው ነው። በመሆኑም ጨረሩ ከውኃው ገጽ ጋር 37 ዲግሪ ሲሠራ የሚንጸባረቀው ብርሃን አግድም ብቻ ይርገበገባል። ከላይ በጠቀስነው ሰዓት ፀሐይ ከዚሁ ከፍታ አጠገብ ናት። ከዚህ ማዕዘን በራቅን ቁጥር ግን ነጸብራቁ በከፊል ብቻ ፖላራይዝድ ይሆናል።

ፖላራይዝድ መነጽር ረጃጅም ሞለኪውሎቹ ተወጥረው በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩበትና አዮዲን የጠጣ ስስ ፕላስቲክ አለው። በሞለኪውሎቹ ርዝመት የሚርገበገበው መስክ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያንቀሳቅስ ኃይሉ እዚያው ይዋጣል፤ ቀጤ ነኩ ያልፋል። ብዙዎች ማጣሪያውን በአጥር ርብራብ መካከል ገመድ ከማሾለክ ጋር ያመሳስሉታል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። በመነጽሩ ላይ ሞለኪውሎቹ አግድም ስለተደረደሩ ነጸብራቁ ይዋጣል፤ ከውኃው ሥር ከሚመጣው ብርሃን ግን ግማሽ ያህሉ ያልፋል።

ሁለት ማጣሪያዎች ሲደራረቡ በሁለተኛው የሚያልፈው ብርሃን በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ኮሳይን ስኩዌር ይወሰናል። በ60 ዲግሪ ከመጀመሪያው ያለፈው ብርሃን ሩቡ ብቻ ሲያልፍ፣ በ90 ዲግሪ ምንም አያልፍም።

ውድ አንባቢያን፣ መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት በካልኩሌተር መስኮት ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የመስኮቱ ብርሃን ራሱ ፖላራይዝድ በመሆኑ፣ መነጽሩ እውነተኛ ከሆነ በአንድ ማዕዘን ላይ መስኮቱ ይጨልማል፤ ካልጨለመ ተራ ጥቁር መነጽር ነው።

አንድ ነገር ግን እናሳስባለን። ነጸብራቁ ቢጠፋም ብርሃን ከውኃ ሲወጣ ስለሚሰበር፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በቀጥታ ከላይ ሲታይ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይመስላል። መነጽሩ ቦዩ የት እንዳለ ያሳያል፤ ጥልቀቱን የሚለካው ግን በትር ነው።