ግማሽ ዋጋ፣ ሙሉ አዳራሽ

ድሬዳዋ የምትዋበው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የቀትሩ ወበቅ ለቀቅ ሲያደርግና የበርጫው ሰዓት ሲያልፍ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ነፋሻው አየር መመላለስ ሲጀምር፣ ከተማዋ ታጥባና ሽቶ ተቀብታ ትወጣለች፤ ሴቶቹ ስስ ሽቲያቸውን እያወዛወዙ፣ ወንዶቹ ሸሚዛቸውን ተኩሰው። ለእንዲህ ያለው ምሽት የሚመጥን ነገር ቢኖር የድሮ ዜማን ከሣቅ ጋር አዋዶ የሚያቀርብ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው። መግቢያው በቅናሽ ሲሆን ደግሞ ከነጋዴው ጎን ተማሪው፣ ከጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ጎን የልጅ ልጁ ይቀመጣሉ፤ አዳራሹም ከተማዋን ይመስላል።

በቅናሽ ቲኬት ላይ ፊቱን የሚያጠቁር አይጠፋም፤ ዋጋው የወረደ ሁሉ ጥራቱም የወረደ ይመስለዋል። የመድረክ ሰዎች ስሌት ግን ሌላ ነው። መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር ነገ አይሸጥም። በኒውዮርክ የብሮድዌይ ትያትሮች እምብርት ላይ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕለቱን ቲኬት እስከ ግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ዳስ ቆሟል፤ በዓለም ውድ ከሚባሉት መድረኮች ደጃፍ በቅናሽ ለመግዛት መሰለፍ የሚያሳፍር ሳይሆን የከተማው ወግ ነው። ኮሜዲ ደግሞ ከማንኛውም ተውኔት የበለጠ ሙሉ አዳራሽ ይሻል። በአሳዛኝ ትያትር ለብቻ ማልቀስ ይቻላል፤ በባዶ ወንበሮች መካከል ለብቻ መሣቅ ግን ያሸማቅቃል። ተዋናዩም ይህን ያውቃል፤ ሣቁ ከኋላ ረድፍ እስኪመለስለት ቀጣዩን ቃል በከንፈሩ ይዞ ይጠብቃል።

ይህ ጥበብ ከአዲስ አበባ ለድሬ የሚላክ ስጦታ ተደርጎ ሲቆጠር አልስማማም። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት፣ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን የደረሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኮንን ዘንድ የነበሩ፣ ኋላም ጨርጨርን ያስተዳደሩና ሂርና ላይ የኖሩ የሐረርጌ ሰው ናቸው። አውሬዎቹ የዘመኑን ሹማምንት ገመና ስለሚያወጡ ሥራው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ የትያትራችን ታሪክ በኮሜዲ መጀመሩ ራሱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል። መለከቱና ከበሮውም ቢሆን በዚሁ በኩል አልፏል። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ወጣት ሙዚቀኞች በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ የገቡት በጅቡቲው ባቡር ነበር፤ በዚያ ዘመን የባቡር መንገደኛ ድሬዳዋ ማደሩም የተለመደ ነበር። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ከዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ጋር የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ፤ ሙዚቃ ያለባቸው ተውኔቶችንም አዘጋጀ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ዘፈኑን፣ ጭፈራውንና ቀልዱን በአንድ ምሽት አጣምሮ ለሕዝብ አቀረበ።

ድሬ ራሷ ለዚህ ጥበብ ያዋጣችው ደግሞ ድምፅ ነው። በ1950ዎቹ እዚሁ የተነሣው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ዓሊ ቢራን አወጣ፤ የከተማዋ ልጅ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪና በዐረብኛ ዘፍኖ በ2015 ዓ.ም. አረፈ። የትዝታ ኮሜዲ እዚህ ሲቀርብ ተመልካቹ በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው የሚቋጨውን ቀልድ ያለ አስተርጓሚ ይቀበላል። አንቱታ እምብዛም በማይታወቅበት ከተማ ከመድረክ ለተወረወረች ነገር ከአዳራሹ መልስ መምጣቱም አይቀርም፤ «አቦ፣ ተወን እንጂ!» የሚል ድምፅ ያልሰማ ተዋናይ ድሬ ሠርቻለሁ ባይል ይሻለዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ዋጋው ይቀንስ፣ ባንዱ አይቀነስ። ሳክስፎኑን አስቀርቶ የተቀዳ ሙዚቃ በሞንታርቦ መልቀቅ ወጪ ይቆጥብ ይሆናል፤ ሆኖም የተቀዳ ሙዚቃ ሣቁ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ዘፋኝዋ ስትዘገይ አይዘገይም፣ ተዋናዩ ሲሳሳት አያዳምቅለትም። የልብሱም ነገር እንዲሁ ነው። የአያቶቻችንን ዘመን አስታውሳለሁ የሚል ትርኢት የሱሪውን ስፋት፣ የፀጉሩን አበጣጠር፣ የክራቫቱን ቋጠሮ በጥንቃቄ ማጥናት አለበት፤ ከፊት የተቀመጡት አዛውንቶች ያንን ሱሪ ራሳቸው ለብሰውታልና።

ቲኬቱን ለሚቆርጡ ሁለት ምክር አለኝ። ለዜማውም ለፊት ገጽታውም የሚመቸው መካከለኛው ረድፍ ነው፤ ስለዚህ ቅናሹ ከመጨረሻው ወንበር ብቻ እንዳይሆን ጠይቁ። በቡድን የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከተለጠፈው ዋጋ ላይ ሌላም እንዲነሣላችሁ ተከራከሩ፤ ቀፊራ ገበያን የሚያህል ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ በተባለው ዋጋ መግዛት ትንሽ ነውር ነው።