ባዶ ግራፍና የሚነገሩለት ተረቶች

የቪሴንተርን፣ ማለትም የቪኤምዌርን የቨርቹዋል ማሽኖች ማስተዳደሪያ፣ የአፈጻጸም ግራፍ የከፈተ የሲስተም አስተዳዳሪ መስመሩ እኩለ ሌሊት ላይ ተቆርጦ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲቀጥል ካየ፣ ብዙውን ጊዜ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሪስታርት ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሣል፤ ግራፉም መሳል ይጀምራል። ጉዳዩ “ተስተካክሏል” ተብሎ ይዘጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ክፍተት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ “ቪሴንተር ድሮም እንዲህ ነው” ይባላል።

እንዲህ የሚባለው ክፍተቱን በደንብ ያየው ሰው ስለሌለ ነው። ክፍተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሁሉም ሆስቶች ላይ በአንድ ሰዓት የታየ ባዶ ቦታ፣ በአንድ ሆስት ላይ ብቻ ከታየው የተለየ ምክንያት አለው። ያለፈው ቀን ግራፍ ሙሉ ሆኖ ያለፈው ወር ብቻ ሲጎድል ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። መረጃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ያወቀ ሰው ባዶውን ቦታ አይቶ የተበላሸውን ክፍል በግምት ሳይሆን በማስረጃ ሊጠቁም ይችላል።

ጉዞው እንዲህ ነው። ልኬቱን የሚወስደው ቪሴንተር ሳይሆን ቨርቹዋል ማሽኖቹን የተሸከመው ኢኤስኤክስአይ ሆስት ነው። ሆስቱ በየ20 ሰከንዱ የሲፒዩ፣ የሜሞሪ፣ የዲስክና የኔትወርክ ንባብ ይወስድና የአንድ ሰዓቱን ብቻ ራሱ ጋ ያቆያል። ይህም ለእያንዳንዱ መለኪያ 180 ንባብ ማለት ነው። አዲስ ንባብ ሲገባ የቆየው ይሰረዛል። ወደ ቪሴንተር ዳታቤዝ የሚሄደው የ5 ደቂቃው ማጠቃለያ ነው። ዳታቤዙም በተለመደው አቀማመጡ ይህን የ5 ደቂቃ መረጃ ለአንድ ቀን ይይዛል፤ ከዚያ ወደ 30 ደቂቃ ጨምቆ ለሳምንት፣ ወደ 2 ሰዓት ጨምቆ ለወር፣ በመጨረሻም በቀን አንድ ቁጥር አድርጎ ለዓመት ያስቀምጠዋል።

ይህን ያወቀ ሰው የመጀመሪያውን ተረት በቀላሉ ይጥለዋል። “ግራፉ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ቆሞ ነበር” የሚለውን ማለት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ ግራፉ ባዶ መሆኑ እውነት ነው፤ ተቃራኒው ግን አይሠራም። ቪሴንተር ሌሊቱን ሙሉ ወድቆ ቢያድር ቨርቹዋል ማሽኖቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ሆስቱም በየ20 ሰከንዱ መለካቱን አያቆምም። የጎደለው መዝጋቢው ነው። ባዶ ቦታን እንደ ዜሮ ቆጥሮ የወር አማካይ የሚያወጣ ሪፖርት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ሥራ የበዛበትን ሰርቨር ሥራ ፈት አስመስሎ ለበጀት ስብሰባ ያቀርባል።

“የትናንቱን የ20 ሰከንድ መረጃ አውጡልኝ” የሚል አለቃም በየመሥሪያ ቤቱ አለ። አይወጣም። ያ መረጃ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ሆስቱ ጋ የነበረውም ከአንድ ሰዓት በኋላ በአዲስ ንባብ ተተክቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ክፍተት ዓይን የማያየው ነው። መስመሩ ሳይቆረጥ ይሄዳል፤ ይዘቱ ግን ጠፍቷል። አንድ ማሽን በሁለት ሰዓት ውስጥ ለ5 ደቂቃ ሲፒዩውን 100 በመቶ ተጠቅሞ ቀሪውን 115 ደቂቃ በ10 በመቶ ቢያሳልፍ፣ ያለፈው ወር ግራፍ የሚያሳየው 13.75 በመቶ ነው። ተጠቃሚዎች “ሲስተሙ ቆመ” ብለው የጮኹባት ሰዓት በግራፉ ላይ ሰላማዊ ትመስላለች። ባለሙያውም ግራፉን አሳይቶ ይከራከራል፤ ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው የሚናገረው። ሲፒዩ ሬዲ የተባለውን፣ ማሽኑ የሲፒዩ ተራ ሲጠብቅ የባከነውን ጊዜ የሚያሳየውን መለኪያ የሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። ቁጥሩ የሚሰጠው በሚሊሰከንድ ድምር ነው። 2000 ሚሊሰከንድ በ20 ሰከንድ ውስጥ ከሆነ 10 በመቶ ነው፤ አሳሳቢ። ያው 2000 በ5 ደቂቃ ማጠቃለያ ላይ ከታየ ግን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ስለ መጭመቁ ሥራ ካነሣን፣ “ያለፈው ቀን ግራፍ ደህና ስለሆነ ዳታቤዙ ጤነኛ ነው” የሚለው እምነት ብዙዎችን አሳስቷል። ቪሴንተር በዊንዶውስ ላይ በሚሠራበት ዘመን መረጃው በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ፣ ከቀን ወደ ሳምንት፣ ከሳምንት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ዓመት የሚያጠቃልሉት ሥራዎች በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንት ላይ የተመዘገቡ ነበሩ። ዳታቤዙ ያለበት ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሣ ኤጀንቱ በራሱ እንዲነሣ ካልተደረገ ማጠቃለያዎቹ ዝም ብለው ይቆማሉ። የዛሬው ግራፍ ያምራል፤ የሳምንቱና የወሩ ባዶ ነው። የቀኑ ሠንጠረዥ ደግሞ የሚጨምቀው አጥቶ ያብጣል። ነፃ የሆነውን ኤክስፕረስ እትም የሚጠቀሙ ደግሞ የመጠን ጣሪያ ነበረባቸው፤ በ2005ቱ እትም 4 ጊጋባይት፣ ከ2008 አር2 ጀምሮ 10 ጊጋባይት።

ቪሴንተር 7.0 በ2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የዊንዶውሱ ዓይነት ቀረ፤ አሁን ያለው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚሠራው፣ አፕላያንስ የሚባለው ዝግጁ ቨርቹዋል ማሽን ነው። የኤጀንቱ ጣጣ አብሮ ቀርቷል። በቦታው ግን ሌላ መጥቷል፤ ከሚቀጥለው ተረት በኋላ እንመጣበታለን።

“መረጃ ከጎደለ የመለኪያውን ደረጃ ከፍ አድርግ” ይላሉ። ቪሴንተር ከ1 እስከ 4 የተሰጡ የመለኪያ ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ መሠረታዊዎቹ ብቻ ይቀመጣሉ፤ አራተኛው ሁሉንም፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋዎችን ጨምሮ ይሰበስባል። ምክሩ ትክክል የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። አንድ መለኪያ በቅጽበታዊው ግራፍ ላይ እየታየ ባለፈው ቀን ወይም ሳምንት ላይ ጨርሶ ከሌለ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያ መለኪያ በተመረጠው ደረጃ ውስጥ አለመካተቱ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሲስተሙ የታዘዘውን ነው የሠራው። ደረጃው ዛሬ ቢጨመርም የትናንቱን አያመጣም። የረጅሙ ጊዜ ደረጃም ከአጭሩ ሊበልጥ አይችልም፤ የቀኑን 1 አድርጎ የወሩን 3 ለማድረግ የሞከረ ሰው ሲስተሙ ራሱ ይከለክለዋል።

ከዚህ ውጭ ባሉት ሁኔታዎች ግን ምክሩ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ደረጃ 3 እና 4 ለአጭር ጊዜ ምርመራ የታሰቡ ናቸው። ብዙ መቶ ማሽኖች ባሉበት ቦታ ደረጃ 4ን ከፍቶ የረሳ ሰው በየ5 ደቂቃው ወደ ዳታቤዙ የሚገባውን ጭነት ያበዛል። ማስገባቱ ከዘገየ ቀጣዩ ዙር ይደርስበታል። ክፍተቱን ለመሙላት የተወሰደው እርምጃ ራሱ ክፍተት ይፈጥራል።

በኤጀንቱ ቦታ የመጣው ጣጣ ደግሞ ይህ ነው። በአፕላያንሱ ላይ ሲት የሚባል የዲስክ ክፍል አለ። ስታቲስቲክስ፣ ክስተቶች፣ ማስጠንቀቂያዎችና ተግባራት አንድ ላይ የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ስሙም ከአራቱ የእንግሊዝኛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። አብሮ መኖር እንደ ጎረቤቱ ነው። ከአፈጻጸም መረጃ ጋር ምንም የማያገናኘው አንድ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ በየሰከንዱ እየገባ የሚወጣ የክትትል መሣሪያ፣ የመግቢያና የመውጫ ክስተቶችን እየቆለለ ዲስኩን ሊሞላ ይችላል። ክስተቶች ሌላ ካልታዘዘ ለ30 ቀን ይቆያሉ። ቦታው ወደ ሙሉነት ሲቃረብ ዳታቤዙ እንዳይበላሽ ዋናው አገልግሎት ራሱን ይዘጋል፤ ያኔ በሁሉም ሆስቶች፣ በሁሉም ማሽኖች፣ በአንድ ሰዓት የተቆረጠ ግራፍ ይታያል። እዚህ ላይ ሪስታርት ያደረገ ሰው ያገኘው ነገር ቢኖር ትንሽ ጊዜ ነው። ሊያደርግ የሚገባው የትኛው ሠንጠረዥ እንዳበጠ አይቶ፣ የቆይታ ጊዜውን ማሳጠር ወይም ዲስኩን ማስፋት፣ ክስተቱን የሚያመርተውንም መሣሪያ ማረም ነበር።

ክፍተቱ በአንድ ሆስት ላይ ብቻ ሲሆን ደግሞ ጣት ወደ ኔትወርክ ይቀሰራል። አንዳንዴ ትክክል ነው። ሆስቱ ወደ ቪሴንተር በየ10 ሰከንዱ “አለሁ” የሚል አጭር መልእክት በዩዲፒ ፖርት 902 ይልካል፤ 60 ሰከንድ ድምፁ ከጠፋ ቪሴንተር ሆስቱን ምላሽ እንደማይሰጥ ይቆጥረዋል። ፋየርዎሉ ይህን ፖርት ሲዘጋ ሆስቱ ተጨምሮ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይቋረጣል፤ ደግሞ ይገናኛል፣ ደግሞ ይቋረጣል። ይሁን እንጂ ኔትወርኩ ንጹህ ሆኖ፣ ሆስቱም “ተገናኝቷል” እየተባለ መረጃ የሚጎድልበት ጊዜ አለ። ያኔ ሰዓቱን ማየት ይበጃል።

የሆስቱ ሰዓት ከቪሴንተሩ ሰዓት ከተዛነፈ ንባቦቹ በተሳሳተ ጊዜ ላይ ይመዘገባሉ፤ ቪሴንተር “ያለፈውን 5 ደቂቃ ስጠኝ” ሲል የሁለቱ “ያለፈው 5 ደቂቃ” አይገጥምም። ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ አንዴ ተሞልቶ የተረሳ ቦታ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ የሰዓት ሰርቨሩ አድራሻ ተቀይሮ ወይም ፖርት 123 ተዘግቶ ማንም ሳያውቅ ይቆያል። አፕላያንሱ ራሱ ቨርቹዋል ማሽን ስለሆነ ሰዓቱን ወይ ከኤንቲፒ ወይ ከተሸከመው ሆስት እንዲወስድ ይደረጋል እንጂ ከሁለቱም አይደለም።

ለአዲስ አበባ ባለሙያ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ አንድ ተጨማሪ እርከን አለው። የኢኤስኤክስአይ ሎግ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ግራፉ ግን የሚታየው በተመልካቹ ኮምፒውተር ሰዓት ነው። ግራፉ ላይ 02:00 የሚለው ክፍተት በሎጉ ውስጥ ባለፈው ቀን 23:00 ላይ ነው የሚገኘው። የጥበቃ ሠራተኛው “መብራት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሄደ” ብሎ በመዝገቡ የጻፈውም ይህንኑ ደቂቃ ነው። ሦስቱን ያላስታረቀ ሰው ሎጉን በተሳሳተ ሰዓት አንብቦ “ምንም የለም” ይላል።

“ሆስቱን አውጥቼ መልሼ ባስገባው ይስተካከላል” የሚለው ዘዴ የብዙዎችን የዓመት መረጃ በልቷል። ግንኙነቱን ማቋረጥና ከዝርዝሩ ማስወገድ የተለያዩ ናቸው። ግንኙነቱ ተቋርጦ ሲመለስ ሆስቱ ያው ሆስት ነው። ከዝርዝሩ ተወግዶ ሲጨመር ግን ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቪሴንተር አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በላዩ ያሉት ማሽኖችም እንዲሁ። ታሪኩ የተመዘገበው በአሮጌው መለያ ስለሆነ አዲሱ ገጽ ባዶ ሆኖ ይጀምራል። ማሽንን ከምዝገባ አስወጥቶ መልሶ መመዝገብም ያው ነው። ማሽኑ በቪሞሽን ከሆስት ወደ ሆስት ሲዛወር በአንጻሩ መለያው አይቀየርም፤ የቀደመው የ20 ሰከንድ ንባብ ግን አሮጌው ሆስት ጋ ስለሚቀር ቅጽበታዊው ግራፍ ከዝውውሩ በኋላ እንደ አዲስ ሊነሣ ይችላል። ይህን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም።

በቪሴንተር ራሱ ላይ ሙሉ ሆኖ በሌላ የክትትል ወይም የሪፖርት መሣሪያ ላይ ብቻ የሚጎድል ግራፍ የተለየ ነው። ከ5.5ና ከ6.0 ዘመን ጀምሮ ቪሴንተር በአንድ ጥያቄ የሚመልሰውን የመለኪያ ብዛት ገድቧል፤ መነሻ ወሰኑ ያኔ 64 ነበር። መሣሪያው ከወሰኑ በላይ ከጠየቀ ጥያቄው ተቀባይነት ያጣል። መረጃው አለ፤ አጠያየቁ ነው የከሸፈው። ወሰኑን ማንሣት ይቻላል፣ ግን የተቀመጠው ዳታቤዙን ከከባድ ጥያቄ ለመጠበቅ ስለሆነ መሣሪያው ጥያቄውን ከፋፍሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ይሻላል።

ብሮድኮም ቪኤምዌርን በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ከገዛ በኋላ ፕሮክስሞክስ ወደሚባለው ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ሲስተም የተሻገሩ ድርጅቶች “ከዚህ ጣጣ ወጣን” ብለው ነበር። እዚያ ደግሞ ፒቪኢስታትዲ የሚባል አገልግሎት በየ10 ሰከንዱ ገደማ የሁሉንም ሁኔታ ይሰበስባል፤ ከሚሰበስበው አንዱ የማከማቻዎች ሁኔታ ነው። አንድ የኤንኤፍኤስ ማከማቻ ከኔትወርክ ቢጠፋ አገልግሎቱ መልስ ሲጠብቅ ይንጠለጠላል። ማሽኖቹ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ግራጫ የጥያቄ ምልክት ይለብሳሉ፤ ግራፉም ይቆማል። ማሽኖቹ ግን እየሠሩ ነው፤ የጎደለው ማከማቻ ካልነካቸው ተጠቃሚው ምንም አያውቅም። ግራጫውን አይቶ ሆስቱን የሚያጠፋ አስተዳዳሪ፣ ያልነበረውን ብልሽት በገዛ እጁ ያመጣል።

ስለዚህ ሪስታርት ከመጫኑ በፊት አሥር ደቂቃ የሚያህል ሥራ አለ። ክፍተቱ የጀመረበትንና ያበቃበትን ደቂቃ መጻፍ፣ የትኞቹ ሆስቶች፣ የትኞቹ መለኪያዎች፣ የትኛው የጊዜ ርዝመት እንደተነካ መለየት፣ የዲስክ ክፍሎቹን ሙላት ማየት፣ የቪሴንተሩንና የሆስቱን ሰዓት ጎን ለጎን ማስተያየት፣ የሁለቱንም ሎግ ቀድቶ ማስቀመጥ። ችግሩ በሂደት ላይ ከሆነና ዝርዝር ንባብ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ሆስቱ ላይ ያለው ኢኤስኤክስቶፕ የሚባለው መሣሪያ እስከ 2 ሰከንድ በሚወርድ ልዩነት እየለካ ውጤቱን በፋይል ያስቀምጣል፤ ለዚህ ቪሴንተርም ዳታቤዙም አያስፈልጉትም።