ስንት ልጅ ለስንት እጅ?

የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁን ማን ይይዘዋል? አያት ከክፍለ ሀገር ትምጣ? ብትመጣስ ቤቷን ለማን ትታ፣ ስንት ወር ትቆያለች? በደላላ ሠራተኛ ይፈለግ? በደላላ የመጣችው ደግሞ ወር ሳይሞላት ያው ደላላ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶላት ልትሄድ ትችላለች። ይህ ሁሉ ከተወራ በኋላ ነው አንዱ ቀስ ብሎ «ማቆያስ?» የሚለው።

ማቆያ መዋለ ሕፃናት አይደለም። መዋለ ሕፃናት አራት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ፊደል ሊቆጥር የሚሄድበት ነው። የሕፃናት ማቆያ፣ በተለምዶ ዴይኬር የምንለው፣ አንገቱን ገና ያጸናውን ጨቅላ ጭምር ተቀብሎ እናትና አባት ከሥራ እስኪመለሱ የሚያቆይ ቤት ነው። የግሎቹ ብዙ ጊዜ ግቢ ያላቸው የኪራይ ቪላዎች ናቸው፤ ሳሎኑ መጫወቻ፣ ጓዳው ወተት ማሞቂያ ይሆናል።

ለምን በዚያ ዕድሜ? ሒሳቡ ከሕጉ ይጀምራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። (ለአባት 3 ቀን። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እናወራለን።) 90 የሥራ ቀን በሳምንት 6 ቀን ለምትሠራ 15 ሳምንት፣ 5 ቀን ለምትሠራ 18 ሳምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት በቀር ውሃም እንዳይቀምስ ይመክራል። 6 ወር 26 ሳምንት ነው። በሕጉና በሐኪሙ ምክር መካከል እንግዲህ ከ8 እስከ 11 ሳምንት የሚደርስ ባዶ ጊዜ አለ፤ ልጁ የእናቱን ወተት የሚፈልግበት፣ እናት ግን ቢሮ የምትገኝበት ጊዜ።

ይህን ባዶ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ የሚሞላው መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ማቆያ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ የተወሰኑትም ከፍተዋል። እናት በምሳ ሰዓት ደረጃውን ወርዳ ታጠባለች። ግድግዳው ቀለም ባይቀባ፣ መጫወቻው ጥቂት ቢሆን እንኳ ይህን የሚያህል ጥራት በገንዘብ አይገዛም።

ያ ዕድል የሌላቸው ወደ ግሎቹ ይሄዳሉ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ዋጋው ነው። «ልጅ ለማስተኛት ይህን ያህል?» ይላል አባት። የጨቅላ ማቆያ ትልቁ ወጪ ግን የሰው እጅ ነው። ጨቅላ ጡጦውን አይዝም፣ ዳይፐሩን አይቀይርም፣ ምን እንዳመመው አይናገርም። ለስሌት ያህል አንዲት ተንከባካቢ በወር 9,000 ብር ይከፈላታል እንበል። ሦስት ሕፃን ብትይዝ በእያንዳንዱ ላይ 3,000 ብር ያርፋል፤ ስድስት ብትይዝ 1,500፤ አሥር ብትይዝ 900። የቤት ኪራዩ፣ ውሃውና መብራቱ፣ የባለቤቱ ትርፍ ከዚያ በላይ ይመጣል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ካሉ ሁለት ማቆያዎች አንዱ በግማሽ ዋጋ ሲቀበል ወይ ከደመወዝ ቀንሷል ወይ ከእጅ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለን ከሁለቱም መቀነስ ይቻላል።

ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው? እንግሊዝ ውስጥ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሕጉ ለአንድ ተንከባካቢ ከ3 ሕፃን በላይ አይፈቅድም። በአሜሪካ ሜሪላንድም ለጨቅላ 3 ነው፤ ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ 4 ይሆናል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ እሳት ቢነሳ አንዲት ሴት ስንት ሕፃን ታቅፋ ትወጣለች ብሎ ማሰብ ይበቃል። ዋጋው ግን እዚያም አልቀረም። በዋሽንግተን ዲሲ የአንድ ጨቅላ ቦታ በወር 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ የአገሪቱ መንግሥት በበኩሉ የልጅ ማቆያ ከቤተሰብ ገቢ ከ7 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ያገኙት መላ የታወቀ ነው፤ እሱ ቀን ይሠራል፣ እሷ ሌሊት፣ ልጁን በር ላይ ይቀባበላሉ። ወይም ለአያት ቪዛ ይጠየቃል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ወርኃዊው ክፍያ የወጪው ሁሉ ልክ አይደለም። ዳይፐርና የቆርቆሮ ወተት በብዛት ከውጭ ስለሚገቡ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ኪስ መጉዳታቸው ብሷል። ትራንስፖርቱም አለ። የመንግሥት ቢሮ 2፡30 ገብቶ 11፡30 ይወጣል፤ ሰሚት የምትኖር፣ ሜክሲኮ የምትሠራ እናት ልጇን 1፡00 ሰዓት ሰጥታ 12፡30 ብትረከብ ከ11 ሰዓት በላይ ነው። ማቆያው 12፡00 የሚዘጋ ከሆነ የመዘግየት ቅጣት አለ። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ደግሞ አይቀበሉትም፤ ባይቀበሉትም ልክ ናቸው። ማቆያ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ጉንፋን ይደጋግመዋል፤ ለዚህ ተብሎ የእናት ወይም የአባት የዓመት ፈቃድ መቆጠብ አለበት።

ስለ በሽታ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር ጨቅላ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል፤ የኩፍኝ ክትባት ግን የሚጀምረው በ9 ወሩ ነው። የ4 ወር ልጅ ማቆያ ሲገባ ከኩፍኝ የሚጠብቀው የራሱ ክትባት የለውም፤ የሚከልለው አጠገቡ ያሉት ትልልቅ ልጆች መከተባቸው ነው። ማቆያው የእናንተን ልጅ የክትባት ካርድ ሳያይ ስለመዘገበው ደስ አይበላችሁ፤ የሌሎቹንም ሳያይ መዝግቧል ማለት ነው።

ጥራቱን በዓይን መለየት ይቻላል። ሕፃናቱ በጀርባቸው ይተኛሉ? ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታ ወተት ከሚዘጋጅበት ተለይቷል? ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ሮቶው ስንት ሊትር ነው? እናት ከጡቷ አልባ ያመጣችው ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋስ ምን ያደርጋሉ? ጡጦው ላይ ስም ተጽፏል? አንድ ማቆያ ሄጄ ሳለሁ ስድስት ሕፃናት ተደርድረው ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አየሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ባለቤቲቱ «አያለቅሱም» ብላ ኮራች። እኔ ግን ያ ጸጥታ አልጣመኝም።

ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ተንከባካቢዋ ስንት ጊዜ እንደቆየች ነው። ልጅ 8 ወር ገደማ ሲሆነው ፊት ይለያል፣ እንግዳ ይፈራል። በየሁለት ወሩ አዲስ ሴት ካቀፈችው ዋጋው ስንትም ቢሆን ተወዷል። አሜሪካ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከ1,300 በላይ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ጥሩ ማቆያ ለቋንቋና ለአእምሮ እድገት በመጠኑ እንደሚጠቅም፣ ከዚያ በላይ ግን የቤተሰቡ ሁኔታ እንደሚወስን አሳይቷል። ማቆያ አስገብታ ሌሊት የምታለቅስ እናት ይህን ብትሰማ አይከፋም።

የቤት ሞግዚትስ? ለአንድ ልጅ አንድ ሰው ናት፤ በቁጥር ማንም አይስተካከላትም። ነገር ግን ብዙዎቹ ራሳቸው ልጆች ናቸው፤ ከገጠር የመጡ፣ ምግብም ልብስም ቤትም የተጫነባቸው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያያቸውም የሚረዳቸውም የሌለ። አያት አብራ ካለች እሰየው። ከሌለች እኔ ብቻዋን ከምትውል የ15 ዓመት ልጅ ይልቅ ለአራት ሕፃን አንድ አዋቂ ያለበትን ማቆያ እመርጣለሁ።

ለማየት ስትሄዱ ጠዋት አትሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም ቤት ንጹሕ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ልጆቹ ከእንቅልፍ ሲነሱና ሠራተኞቹ ሲደክሙ፣ ሳትደውሉ ሂዱ። እጅ ቁጠሩ፣ ልጅ ቁጠሩ። «ወላጅ ከበሩ አያልፍም» ካሏችሁ ዋጋውን ሳትጠይቁ ተመለሱ።