ስለ ውሃ እንመካከር፦ የሐሮማያ ሐይቅ ያስተማረን

 

ለሱብሒ ተነሥተን ቧንቧውን ስንከፍት ጠብታ አጥተን፣ ትናንት ከተጠራቀመው ውሃ በማንቆርቆሪያ ቀድተን ውዱእ ያደረግንበትን ማለዳ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በሐረር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ በርሜሉም ጄሪካኑም ይሞላል፤ ሲጠፋ እናቶችና ልጃገረዶች ለወረፋ ይሰለፋሉ። እኛ መምህራን ያረፈደችውን ተማሪ «የት ቆየሽ?» ብለን ስንጠይቃት መልሷ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ውሃ ወረፋ ላይ።»

ውሃ በጠፋ ቁጥር «መቼ ይመጣል?» እንላለን። ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ ማንሣት ፈልገናል። ይኸውም «ስለዚህ ውሃ የተመካከረው ማን ነው?» የሚል ነው።

አንድ ሐይቅ እንዴት ደረቀ?

ከሐረር በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ፣ ቀድሞ ዓለማያ እየተባለ የሚጠራው፣ ለብዙ ዓመታት የሐረር የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ግን ደረቀ። ትናንት ውሃ የነበረበት ሥፍራ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ከተማዋ ለመጠጥ ትስብ ነበር፤ ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫቱን፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን ያጠጣ ነበር፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች ጎርፍ ያወረደው አፈር ደግሞ ሐይቁን ከሥሩ ይሞላው ነበር። የከተማው ሰው ተጠምቷል፤ ገበሬው ልጆቹን ማሳደግ አለበት፤ በኮረብታው ላይ ያረሰውም ሌላ መሬት አልነበረውም። እያንዳንዱ ለየራሱ ምክንያት ነበረው። ያልነበረው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተቀምጠው «ሐይቁ ስንቱን ይችላል? ማን ምን ያህል ይቅዳ?» ተባብለው የሚስማሙበትና የተስማሙበትን የሚጠብቁበት ሸንጎ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሐረር ውሃ የመጣው በድሬዳዋ አቅራቢያ በድሬ ጃራ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። መሥመሩ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ውሃው ዳገቱን የሚወጣው በኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፋ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቆማል። በመንገዱ ላይም የሐሮማያና የአወዳይ ከተሞች አሉ፤ እነርሱም ጠጪዎች ናቸው። እንግዲህ ሐረር ውስጥ የምትቀዳ አንዲት ጄሪካን የድሬዳዋን፣ የኦሮሚያንና የሐረሪን አስተዳደር ትነካለች። በቅርብ ዓመታት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዝናብ ሲበረታና ኮረብታው በእርከን ሲሠራ ሐይቁ ውስጥ ውሃ ተመልሶ ታይቷል። ይህን ኒዕማ እንደ ቀድሞው እናባክነው ይሆን?

ሹራ ዒባዳ ነው

በቁርኣን 42ኛው ሱራ አሽ-ሹራ፣ ማለትም መመካከር፣ ይባላል። አላህ (ሱ.ወ.) በዚሁ ሱራ ምእመናንን ሲገልጽ መመካከርን የጠቀሰው ሶላትን በመስገድና ከተሰጡት ሲሳይ በመለገስ መካከል ነው። ሶላትን የማይተው ሙስሊም ሹራን እንደ ትርፍ ነገር ሊያየው አይገባም ማለት ነው።

ከሲራ የምናገኘው ትልቅ ምሳሌም የውሃ ጉዳይ ነው። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ በበድር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሥፍራ ሠፈሩ። ሑባብ ኢብኑል ሙንዚር (ረ.ዐ.) ቀርቦ ሥፍራው በወሕይ የታዘዘ ነው ወይስ የጦር ስልት አስተያየት ሲል ጠየቀ። አስተያየት መሆኑን ሲያውቅ ወደ ጠላት ቀርቦ ያለውን የውሃ ጉድጓድ መያዝ እንደሚሻል ነገራቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ምክሩን ተቀብለው ሠፈሩን አዛወሩ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ስለ ጉድጓድ ከአንድ ባልደረባቸው ከተማከሩ፣ እኛ ማን ሆነን ነው ሳንማከር የምንወስነው?

የይስሙላ ምክክር

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ውሃ ሕዝብ ይመካከርበት በተባለ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። ዕቅዱ አስቀድሞ ተጽፎ አልቋል። ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ሊጠናቀቅ ሲል ከኋላ አንዲት እናት ተነሥታ፣ «ቦኖው ለምን ልክ በመግሪብ ይከፈታል? ሴት ልጄን በጨለማ ልላካት?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመድረኩ መልስ አልተገኘም፤ ሰዓቱን ያወጡት ጄሪካን ተሸክመው አያውቁምና። እኛም ከፊት ተቀምጠን የነበርን ወንዶች አፈርን። እኅቶቻችን ሁልጊዜ የሚያዩትን ነገር አንድም ቀን ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር።

ሹራ ማለት የፊርማ ወረቀት ማዞር አይደለም። ከውሳኔ በፊት ይጠየቃል፤ ውሃውን የሚሸከመው፣ በላይ ያለው ገበሬና በታች ያለው ጠጪ በአንድነት ይጠየቃሉ፤ የተባለው ምን ላይ እንደደረሰም ተመልሶ ይነገራል። የአገራችን ሕግም ደጋፊ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ከሁሉም አገልግሎት የቤት ፍጆታ እንደሚቀድም ደንግጓል።

ከቤታችን እንጀምር

የመመካከሪያ ቤት አዲስ መሥራት አያስፈልገንም። ለሠርግና ለሐዘን የምንሰበሰብበት አፎቻ አለን፤ የሴቶች አፎቻም አለ። በዙሪያችን ያሉት የኦሮሞ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም አፎሻ አላቸው። የከተማውና የገጠሩ ስለ ሐይቁና ስለ ጉድጓዱ አብረው ቢቀመጡ ምን ይከለክላቸዋል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዙበይር (ረ.ዐ.) እና በአንድ አንሷሪ መካከል በመስኖ ቦይ የተነሣውን ክርክር ሲዳኙ፣ ከላይ ያለው ካጠጣ በኋላ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ነበር የፈረዱት። ዛሬም ባለ ሞተሩ ገበሬና ባለ ቧንቧው ከተሜ የሚዳኙበት ሚዛን ይኸው ነው።

ለቁጠባውም አርአያ አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ፣ ውዱእ ያደርጉ ነበር። እኛ ቧንቧ ከፍተን እያወራን የምናፈሰው የማነው? ያች ከወረፋ ዘግይታ ክፍል የምትገባው ልጅ ድርሻ አይደለምን?

ወጣቶች ሆይ! በሰፈራችሁ ስለ ውሃ ስብሰባ ሲጠራ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አስቀድማችሁም ጠይቋት። አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ተመካክረን የምንፈጽም፣ ኒዕማውንም የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።