ሞተሩ መንገድ ላይ ሲቆም ሰው ይቅደም

በካኩማና በካሎቤዬ የሚኖር ሰው ያለ ቦዳ ቦዳ የሚያሳልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። ራሽኑን ተቀብሎ የሚመለሰው፣ የታመመ ልጅ ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚጣደፈው፣ በሌሊት ምጥ የያዛትን ጎረቤቱን የሚያደርሰው ሁሉ የሚጠራው ይህንኑ ሞተር ብስክሌት ነው። የጤና በጎ ፈቃደኞችም የክትባት ሣጥን ታቅፈው ራቅ ወዳሉ መንደሮች ሲወጡ ከነጂው ኋላ ይቀመጣሉ።

ሞተሩ ከሰፈር ደጃፍ ቢቆም ብዙም አያሳስብም፤ ፉንዲው ቅርብ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ወደ ሎኪቾጊዮ በሚወስደው 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ወደ ሎድዋር በሚወስደው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መሐል፣ ጥላ በሌለበትና ስልክ በማይሠራበት ሥፍራ ሲቆም ነው። በሞተር ጥገና ረገድ ከአንባብያን መካከል ለእኛ አስተማሪ የሚሆኑ እንዳሉ እናውቃለን። የዚህ ገጽ ጉዳይ ግን ከብረቱ ይልቅ ሰውየው ነው። መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ብልሽቱ ሳይሆን፣ ብልሽቱን ለማስተካከል በጥድፊያ የሚደረገው ነገር ነውና።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ሞተሩን ከመንገዱ ገፍተው ያውጡ፤ ከዚያም ጥላ ይፈልጉ። በቀትር ፀሐይ ጎንበስ ብሎ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ላቡ እየተንጠባጠበ ውኃ መጠጣቱን ይረሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም የጡንቻ መሸማቀቅ ከጀመረዎት ሥራውን ትተው ይቀመጡ፤ ውኃ ጥቂት በጥቂት ይጠጡ። ኦ.አር.ኤስ. ከያዙ አንዱን ከረጢት በላዩ ላይ በተጻፈው መጠን ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ቢጠጡት ይበልጥ ይረዳል። ጓደኛዎ መቀባዠር ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ ከድካም አልፏል፤ ለሕይወት ያሰጋል። ልብሱን አላልተው ገላውን በውኃ እያራሱ ያራግቡለት፤ በፍጥነትም ወደ ሕክምና እንዲደርስ ያድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ።

በሽተኛ ይዘው ከሆነ ደግሞ መፍታትና መግጠም አይጀምሩ። ነጂው «አሥር ደቂቃ ብቻ» ሲል፣ ከዚያም ሌላ አሥር ደቂቃ ሲጨምር ሰዓቱ ይሄዳል። ምጥ የጠናባት እናት፣ ደም የሚፈሳት ሴት ወይም መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ፉንዲን ሊጠብቁ አይችሉም። የሚያልፈውን የመጀመሪያ መኪና ወይም ሞተር ያስቁሙ፤ ይደውሉ። ነፍሰ ጡሯን በጥላ ሥር በግራ ጎኗ እንድትተኛ ያድርጉ። የጤና ጣቢያውን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ መያዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የራስዎ ስልክ ባትሪ ቢያልቅበት በሌላ ሰው ስልክ መደወል የሚችሉት ቁጥሩ በእጅዎ ካለ ነው።

ውኃ ሳይያዝ፣ በቀትር፣ ሞተሩን ጥሎ በእግር መሄድ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ውሳኔ ነው። ጥላ አገኘን ብለው በደረቀ ላጋ ውስጥም አይቀመጡ። እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ከሩቅ የዘነበ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል።

ቤንዚን በአፍ አይሳብ

ይህን ደጋግመን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ልማዱ በጣም የተስፋፋ ነው። ሞተሩ ቤንዚን ሲጨርስ የሚያልፍ ሌላ ሞተር ይቆማል፤ ቀጭን ጎማ ከታንኩ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ በአፉ ይስበዋል። ቤንዚን እንደ ውኃ ቀጭን ነው፣ ወዲያውም ይተናል። ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ሰውየው ትን ይለዋል፤ በዚያች ቅጽበት ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባውን ያቆስላል። መጀመሪያ ሳል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ሊከተል ይችላል። ስለዚህ «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ ወደ ቤት መሄድ አይበቃም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

በአገራችን መርዝ ለጠጣ ሰው ወተት መስጠት፣ ወይም ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ማስታወክ የተለመደ ነው። ለቤንዚን ሁለቱም አይሆኑም። ወተቱ ቤንዚኑን አያረክሰውም፤ ሊያስታውክ ግን ይችላል። ቤንዚኑ ሲመለስ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሳንባ የሚገባበት ዕድል ያገኛል። አፉን ይጉመጥመጥና ይትፋ፤ ቤንዚን የነካው ልብስ ይውለቅ፤ ቆዳው በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። ዐይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

ቤንዚን መቀባበል ግድ ከሆነ የካርቡራተሩን ቱቦ ነቅሎ ወደ ጀሪካን ማስወረድ ይቻላል፤ በእጅ የሚጨመቅ ትንሽ ፓምፕ ካለም ይሻላል። ሞተሩ ግን ይጥፋ፤ ሲጋራም አጠገቡ አይጨስ። በጨለማ ታንኩ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለማየት ክብሪት የሚጭር ሰው አለ፤ ለዚህ የስልክ መብራት በቂ ነው። የተረፈውን ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው ቤት አይግቡ። የተጠማ ሕፃን ጠርሙሱን የሚያውቀው ውኃ ሲጠጣበት ነው።

ሞተሩስ ምን ሆነ?

ቦክሰርና ቲቪኤስ እያልን የምንጠራቸው ሞተሮች አብዛኞቹ የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። በአሸዋ ላይ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ የሚጎተት ሞተር በቂ ነፋስ አያገኝም፤ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል፣ በመጨረሻም ይቆማል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። በጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ይተውት። ውኃ አይድፉበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ እንፋሎቱ ያቃጥላል፣ ውኃውም ለመጠጥ ያስፈልግዎታል። ሲቀዘቅዝ ዘይቱን ይመልከቱ። ዘይቱ ካለቀ ሞተሩን አያስነሱ፤ ቢነሳ እንኳ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሉ ሞተሩን በሙሉ ያጡታል።

ሳይግል የቆመ ከሆነ የቤንዚኑ መክፈቻ ወደ መጠባበቂያው መዞሩን፣ ቀጥሎም ካንዴላውን ይዩ። ጥላሸት የያዘ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ እርጥብ ከሆነ አድርቀው ይመልሱት። የዚህ አገር አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ የአየር ማጣሪያውን ማራገፍም ይረዳል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ከዚህ በላይ አይልፉ፤ ለፉንዲው ይተዉለት።

ማርሚታው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይግላል። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው በዚያ በኩል የሚወርድ ሰው ባት ነው፤ በተለይም ቀሚስ የለበሱ ሴቶችና ከኋላ የሚሳፈሩ ሕፃናት። የተቃጠለውን ቦታ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ውኃው ጥቂት ከሆነ ለመጠጥ የሚበቃውን አስቀርተው በቀረው ጨርቅ እየነከሩ ያድርጉበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ አይቀቡ፤ ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡ።

ክትባት ለያዙ በጎ ፈቃደኞች

ሣጥኑን ከሞተሩ አውርደው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ጥላው ሲዞር አብረው ያዙሩት። ክዳኑን «በረዶው ቀልጦ ይሆን?» ብለው አይክፈቱ፤ በከፈቱ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል። ክትባቱ መቆየት ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ በሚገባ ከተዘጋ ለሰዓታት ይጠብቀዋል። የቆሙበትን ሰዓትና እንደገና የተነሱበትን ሰዓት ጽፈው ይያዙ። በብልቃጡ ላይ ያለው ክብ ምልክት በመሐሉ አራት ማዕዘን አለው፤ አራት ማዕዘኑ ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ይበልጥ ከጠቆረ ክትባቱ ለማንም አይሰጥም። ቢሆንም መንገድ ላይ አይጣሉት። ከጻፉት ሰዓት ጋር ለጤና ጣቢያው ያስረክቡ፤ ቀሪዎቹንም ብልቃጦች አንድ በአንድ አይቶ የሚወስነው እዚያ ያለው ባለሙያ ነው።