ከአመድና ከፍርስራሽ የሚገኝ የአርማታ ዕቃ

በመሪ ሰፈር የሕንፃ ዕቃ የሚነግድ ባለሱቅ ሲሚንቶን በኩንታል፥ አሸዋና ጠጠርን በመኪና ጭነት ያስረክባል። አሸዋው ከሞጆና ከመተሐራ ወገን ተጭኖ ስለሚመጣ የነዳጅ ዋጋ ከፍ ባለ ቍጥር ዋጋው አብሮ ይወጣል፤ በ2014 ዓ.ም. የነበረውንም የሲሚንቶ እጥረት የዘነጋ ነጋዴ የለም። እንግዲህ ለሲሚንቶውም ለጠጠሩም በከፊል ምትክ የሚሆን ነገር ተጥሎ የሚገኝ መሆኑን ማወቅ ለንግዳችን ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጭማቂው የወጣለትን የአገዳ ገለባ በቦይለር ያነድዳል፤ የሚተርፈው አመድ እንደ ጥራጊ ይቈጠራል። ብሩክ ኃይሉና አበበ ድንቁ ይህንኑ አመድ አልመው ፈጭተው ከሲሚንቶ ጋር በመደባለቅ ከመረመሩት በኋላ፥ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 «ዜዴ» በተባለው የመሐንዲሶች መጽሔት አወጡ። ከሲሚንቶው ከመቶ እስከ 10 እጅ በአመድ ቢተካ አርማታው የማያንስ፥ አንዳንዴም የሚሻል ሁኖ ተገኘ። ከ10 ኩንታል 1 ኩንታል ተረፈ ማለት ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ኖራ ያወጣል፤ በአመዱ ያለው ሲሊካ ይህን ኖራ ይዞ ወደ ማጣበቂያነት ይለውጠዋል። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ስለሚቃጠል፥ ዓለም ከሚያወጣው የካርቦን ጋዝ ከመቶ 8 እጅ ያህሉ የዚሁ ኢንዱስትሪ ነው።

ሁለተኛው ፍርስራሽ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ተጀምሮ አሮጌ ሕንፃዎች ሲፈርሱ ፌሮው፥ በሩና ቆርቆሮው ፈላጊ አላጣም፤ መቼም ብረት የሚጥል የለም። አርማታው ግን ተደቅቆና ተነፍቶ ጠጠር ሊወጣው ይችላል። ጀርመኖች ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተሞቻቸውን ፍርስራሽ እየፈጩ አዲስ ሕንፃ ሠርተውበታል። ሆኖም አሮጌው ሲሚንቶ ስለሚጣበቅበት ውሃ ይመጥጣል፤ ጀሶ ከተቀላቀለበትም አርማታውን አሳብጦ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጀሶው፥ እንጨቱና አፈሩ ተለይቶ ለብሎኬትና ለወለል ሥር ንጣፍ ቢውል መልካም ነው፤ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራና ያለ መሐንዲስ ፈቃድ ግን ወደ ምሰሶ አይግባ። የተፈጨ ፍርስራሽን አዲስ ጠጠር ነው ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅ በሰው ሕይወት ይነግዳል።

የጐደለው መካከለኛው ነጋዴ ይመስለኛል፤ ማለት መፍጫና ወንፊት ያለው፥ ጭነቱን ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥራት የሚያስረክብ። አመዱ አንድ ቀን በሚገባ ነድዶ፥ በማግስቱ ከሰል በዝቶበት ከመጣ ገዢው ተመልሶ አይመጣም። ስለ ማጓጓዣው የሆነ እንደ ሆነ፥ ከመተሐራ አሸዋ የሚያመጡት መኪናዎች በአዳማ በኩል ያልፋሉ፤ ወንጂም ከአዳማ ሩቅ አይደለችም።